«እማማ፣ ትናንት ማታ ምን በሉ?» ብሎ የሚጠይቅ የስኳር ክሊኒክ አለ?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሹ 31 ደርሷል። አዲስ የሚገባው ሰው ከላይ ያለውን ሳያነብ ያንኑ ጥያቄ ስለሚደግም፣ እስካሁን የተባለውን በየቁጥሩ ላስቀምጥ። የራሴንም ሐሳብ ጣልቃ አስገባለሁ። ጉዳዩ የእናቴ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

የመክፈቻ ጽሑፌ ይህ ነበር። እናቴ 66 ዓመቷ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ፣ የሟች ወንድሜን ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ስኳር ከያዛት 14 ዓመት ሆኗታል። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ክትትሏ መሃል ከተማ ባለ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ባለፉት ሦስት ቀጠሮዎች ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሦስቴም መጠኑ ተጨመረላት። ቤት ውስጥ ምን እንደሚበላ የጠየቃት ግን የለም።

እውነቱ እንዲህ ነው። ደመወዝ ስቀበል የምችለውን እሰጣታለሁ። ወሩ ሲጋመስ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ለልጆቹ ታበላና እሷ በሻይ ታድራለች። ሳትበላ ከተወጋች እንደሚጥላት ታውቃለች። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት መርፌውን ትዘለዋለች። ስኳሯ ይወጣል። ሐኪሙ የሚያየው ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ ከወጣ መድኃኒቱ አልበቃም ብሎ ይጨምራል። አንድ ሰኞ ጠዋት ቀጠሮዋ ደረሰ። እንዳይቆጧት ፈርታ የተጨመረውን በሙሉ ተወግታ በባዶ ሆዷ ወጣች። መንገድ ላይ ወደቀች።

ያነሳት ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ ነው። ጨርሳ ራሷን አልሳተችም ነበር። ላቧ ችፍ ብሎ፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቶ፣ ከሱቅ ለስላሳ ገዝቶ አጠጣት። እኔ ስደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፌስታሏን ጭብጥ አድርጋ ይዛለች። ውስጡ የቀጠሮ ካርዷ፣ ሁለት ራስ ሽንኩርትና የተጋመሰ የኢንሱሊን ብልቃጥ ነበር።

ጥያቄዬ ታዲያ ይህ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ለክትትል ሲመጣ፣ የምግቡ፣ የቤቱ፣ የታክሲ ገንዘቡና የመድኃኒት ማስቀመጫው ነገር እንደ ደም ምርመራው ሁሉ መጠየቅ የለበትም ወይ? ለሁሉም ታካሚ፣ በየጊዜው፣ በጽሑፍ?

1ኛው ምላሽ ምሕረት እንዲወርድላት መመኘት ነበር። እግዜር ይስጥልኝ። 2ኛው ከረሜላ ከቦርሳዋ እንዳይጠፋ መከረ። 3ኛዋ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። በጨዋ ቋንቋ፣ ግን ሳትሸፋፍን ጻፈች። ካርዱ ላይ የደም ግፊት፣ የክብደት፣ የስኳርና የእግር ምርመራ መጻፊያ ቦታ አለ። ለምግብ ቦታ የለም። ቦታ ያልተሰጠው ነገር ደግሞ በሰልፉ መሃል ይረሳል። እሷ ራሷ አንዳንዴ ትጠይቃለች፤ የሰማችውን የምትጽፍበት ግን የላትም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ባለሙያ ከተቀመጠ ነገሩ ከዜሮ ይጀምራል።

4ኛው መርካቶ እንደሚሠራ የነገረን ሰው ነው። ቆጣ ብሎ ነው የገባው። በዚህ ከተማ ያልተቸገረ እየፈለጉ መጠየቅ ይቀላል አለ። ሐኪም ዳቦ አይሰጥም፣ ታዲያ ዳቦ አለሽ ወይ ብሎ መጠየቁ ቁስል መነካካት ነው ባይ ነው። አነጋገሩ ከበደኝ። ነጥቡን ግን ልጥለው አልቻልኩም። እስከ መጨረሻውም ይህ ሰው ከክሩ አልወጣም።

5ኛዋ ቨርጂኒያ የምትኖር እህታችን ናት። እሷ ጋ ስለ ምግብ የሚጠየቁት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። አንደኛው፣ ባለፉት 12 ወራት ገንዘብ ሳይገኝ ምግብ ያልቅብናል የሚል ስጋት ነበር ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በእርግጥ አልቆ መግዣ ያጣችሁበት ጊዜ አለ ወይ ይላል። መልሱ ብዙ ጊዜ፣ አልፎ አልፎ ወይም በጭራሽ ነው። ከሁለቱ በአንዱ እንኳ አልፎ አልፎ ያለ ሰው ችግር እንዳለበት ይያዝለታል። የጥያቄዎቹ ጥናት የወጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ሰፋ ያለው ቅጽ ደግሞ መኖሪያ ቤትን፣ ምግብን፣ ትራንስፖርትን፣ መብራትና ውሃን፣ የግል ደኅንነትን ይጠይቃል። ከዚያ የራሷን ነገር ጨመረች። መጀመሪያ ሲጠይቋት በጭራሽ የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ መለሰች። ውሸቷን ነበር። አፈረች። የአሜሪካ የስኳር ማኅበርም ይህ ግዴታ እንዲሆን አዟል ብላ ዘጋች።

6ኛው የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። ትሕትናው ደስ ይላል። የመጨረሻውን ነገር አረማት፦ ማኅበሩ በመመሪያው ሐኪሞች የምግብ፣ የመኖሪያና የገንዘብ ችግርን እንዲያጣሩ ይመክራል እንጂ ማንንም ማዘዝ አይችልም። ቀጥሎ ያመጣው ግን ከክሩ ሁሉ ያስደነገጠኝ ነው።

በካሊፎርኒያ ከ2000 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ያለውን የሆስፒታል መዝገብ ያገላበጡ ተመራማሪዎች ነበሩ። ጥናታቸው በ2014 እ.ኤ.አ. ወጣ። የፈለጉት ስኳሩ ወርዶበት ሆስፒታል የገባውን ሰው ነው። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሰዎች ዘንድ፣ በወሩ የመጨረሻ ሳምንት የሚገባው ከመጀመሪያው ሳምንት በ27 በመቶ በልጦ ተገኘ። ገቢያቸው ከፍ ያለው ላይ ይህ ልዩነት የለም። ምናልባት ድሃ ወር መጨረሻ ላይ በማንኛውም በሽታ ይበዛ ይሆን ብለው የትርፍ አንጀትንም አዩ። ትርፍ አንጀት ወር አይቆጥርም። ስኳር ግን ይቆጥራል፤ የወር አስቤዛው ሲሟጠጥ መርፌው ባዶ ሆድ ላይ ያርፋል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የእናቴን የቀጠሮ ካርድ አውጥቼ ቀኖቹን አየሁ። እኔ ጋ ደመወዝ የሚገባው ወር ሲያልቅ ነው። የወደቀችው በ24 ነው።

ሐኪሙ አንድ ነገር ጨምሯል፤ ወላጅ ያላችሁ ልብ በሉልኝ። መርፌ ብቻ አይደለም የሚጥለው። ግሊቤንክላሚድ የሚባለው ክኒንም ሳይበሉ ከዋጡት ስኳር ያወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ከ60 ዓመት በላይ ላለ ሰው እንደማይመች ያስቀመጠው ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ግን እንዲህ ማድረጉ እምብዛም ነው። የ2ኛውንም ምክር አስተካከለ። ስኳር ከ70 በታች ከወረደ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት፣ ካልተስተካከለ መድገም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም። ያንቀዋል። ወዲያው ሆስፒታል ነው።

7ኛው ባጭሩ አመስግኖ አለፈ። 8ኛዋ መሳለሚያ አካባቢ ያደገች ልጅ ናት። እኔ በመክፈቻው ያላየሁትን ያየችው እሷ ናት። አባቷ ጡረተኛ ነበሩ። ክሊኒክ ሲገቡ በልተዋል ወይ ተብለው ይጠየቁ ነበር። ሁልጊዜ መልሳቸው አንድ ነው፦ በልቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ አለ? በልተሃል ወይ ማለት እኛ ጋ እንዴት አደርክ እንደማለት ነው። መልሱ ከጥያቄው በፊት የታወቀ ነው። አልበላሁም የሚል ትልቅ ሰው አይቼ አላውቅም። በዚያ ላይ በሩ ክፍት ነው። ኮሪደሩ ላይ የእድር ጓደኛ ተሰልፏል። አንድ ቀን አንዲት ተለማማጅ ሐኪም በሩን ዘጋች። ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። ያቀረበችው ጥያቄ በልተዋል ወይ አይደለም። ትናንት ማታ ምን እንደበሉ ነው የጠየቀችው። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ተናገሩ። የክሩን ርዕስ የቀየርኩት ከዚህ ምላሽ በኋላ ነው።

9ኛው የ4ኛውን ሐሳብ ለመመለስ የገባ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ነው። ሐኪም ዳቦ ባይሰጥም ዳቦ ያለበትን በር ሊያሳይ ይችላል ባይ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ እዚህም ደርሷል። መክፈል ለማይችለው እጅግ ድሃ ቤተሰብ መዋጮውን የሚሸፍነው መንግሥት ነው። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ጀምሯል። መሥራት ለሚችል ሥራ አለው፤ ለአቅመ ደካማ ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ። የተስፋ ብርሃን ምገባ ማዕከላትም አሉ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉን። እንግዲህ በሩ አለ። በበሩና በታካሚው መካከል የሚያገናኝ ሰው ነው የጠፋው።

10ኛው ያው የመርካቶው ሰው ነው። እዚህ ላይ ነገር ከረረ። ባለሙያውን ወንበር ላይ ተቀምጠህ ታወራለህ አለው። ወንድሙን ይዞ ለድጋፍ ወረቀት ስንት ቀን እንደተመላለሰ ዘረዘረ። አንድ ቀን ፎቶ ጎደለ። አንድ ቀን ማኅተም ያዥው ስብሰባ ገባ። 11ኛው የበለጠ አቀጣጠለው፤ ተስፋ ቆርጠህ የሌላውን ተስፋ አትቁረጥ የሚል ዓይነት ነገር ወረወረ። 12ኛው ደግሞ ስድብ ስለነበር አስተዳዳሪው አጠፋው። 13ኛው የአስተዳዳሪው ማሳሰቢያ ነው።

እኔ በ14ኛው ገባሁ። የመርካቶውን ሰው ስሙን ሳልጠራ ይቅርታ ጠየቅኩት። እኔም ያንን ኮሪደር ቆሜበታለሁ። ጥያቄው ቅጽ መሙያ ብቻ ሆኖ ከቀረ ጉዳት አለው። ሰው ገመናውን አውጥቶ ምንም ካልተደረገለት ሁለተኛ አይናገርም። ነገር ግን አንድ ነገር አለ፤ ሐኪሙ ዳቦ ባይኖረውም እስክሪብቶ አለው። እናቴ እንደማትበላ ቢያውቅ ኖሮ መጠኑን አይጨምርም ነበር። ይህ ከማንም በጀት አይጠይቅም።

ከዚያ ክሩ ትንሽ ወጣ አለ። 15ኛው ጤፍ ስኳር ላለበት ሰው ይስማማል አይስማማም የሚል ክርክር ከፈተ። 16ኛው ገብስ ይሻላል አለ። 17ኛው የሺፈራው ቅጠል ዱቄት ሊሸጥልን ስልኩን አስቀመጠ፤ ተሰርዟል። እባካችሁ፣ ኢንሱሊኑን ትቶ በቅጠል የሚተካ ሰው ሕይወቱን እያስያዘ ነው።

18ኛዋ ግን ከመንገድ የወጣች መስሎን ወደ ዋናው ነገር መለሰችን። እናቷ ዓቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። መርፌውን ግን በጠዋቱ ይወጋሉ፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ላይ ጠዋት የሚል ተጽፏል። የአሜሪካው ቅጽ ላይ ይጾማሉ ወይ የሚል ጥያቄ የለም። 19ኛው የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ እንደማይገደድ አስታወሰ። 20ኛዋ ሙስሊም እህታችን ረመዳንም ላይ ለታመመ ፈቃድ እንዳለ፣ ሆኖም አባቷን ማሳመን አለመቻሏን ጻፈች። ሁለቱ ስለ ወላጆቻቸው እልህ ረዘም አድርገው ተጨዋወቱ። ማንበቡ ያጽናናል።

እኔ ከዚህ የያዝኩት አንድ ነው። ቅጹን ከውጭ ገልብጠን ብናመጣው ጎዶሎ ይሆናል። የእኛ ሰው መጠየቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ። ይጾማሉ? እስከ ስንት ሰዓት? ከማን ጋር ነው የሚበሉት፣ ቀድሞ የሚበላውስ ማነው? መርፌውን የሚወጋልዎት ማነው፣ መስመሩስ ይታይዎታል? መድኃኒቱ የት ነው የሚቀመጠው?

21ኛው ካዛንቺስ ይኖር የነበረና ወደ ገላን ጉራ የተዛወረ ሰው ነው። ቤቱ ከድሮው ይሻላል። ክትትሉ ግን እንደድሮው መሃል ከተማ ነው። ድሮ በእግሩ ይመጣ ነበር። አሁን ለደርሶ መልስ ትራንስፖርት የሚወጣው ለእሱ የሁለት ቀን ምግብ ነው። አንድ ቀጠሮ ዘለለ፤ ካርዱ ላይ መቅረቱ ብቻ ተጻፈ። ለምን እንደቀረ የጠየቀው የለም። ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ መዛወር እንደሚችል የነገረችው 22ኛዋ ናት፤ የ3ኛዋ ነርስ ተመልሳ መጥታ ማለት ነው። በዚያው የራሷን ዜና ነገረችን። ክሩን ካነበበች ወዲህ በካርዱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። ም ካለ ምግብ ነው። መ ካለ መንገድ። ፍ ካለ ፍሪጅ የለም ማለት ነው። ለክፍሉ ባልደረቦቿ ነግራቸዋለች። ማንም አላዘዛትም። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ።

ስለ ፍሪጁ 23ኛው ፋርማሲስት ሰፋ አድርጎ አስረዳ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል። በረዶ ከሠራ ተበላሽቷል፤ ቢቀልጥም አይወጋም። የተከፈተው ብልቃጥ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካልዘለለ ጥላ ቦታ ላይ አንድ ወር ያህል ይቆያል። ችግሩ ቆርቆሮ ቤት ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ቀትር ሲሆን ጣራው ሥር ያለው ሙቀት ሌላ ነው። መስኮት ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ኢንሱሊን መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉ ይደክማል። ስኳሩ ይወጣል። ሐኪሙም ይጨምራል። መፍትሔ ያለው ሁለት የሸክላ ዕቃ ነው። ትንሹን ትልቁ ውስጥ ማስገባት፣ መሃላቸውን አሸዋ መሙላት፣ አሸዋውን በቀን ሁለቴ ውሃ ማጠጣት፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን። ውሃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዛል። ብልቃጡ እንዳይረጥብ በፕላስቲክ ይጠቀለላል።

24ኛው አያቱ ቅቤ እንዲህ ያስቀምጡ እንደነበር አስታወሰ። 25ኛው ስለ እድር አነሳ። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ያቀርባል፤ ታሞ ሲራብ ግን ሕጉ አይፈቅድም አለ። የእሱ እድር በዓመታዊው ስብሰባ ለታመመ አባል መድኃኒት መግዣ የሚሆን አንቀጽ ጨምሯል። ሁለት ሽማግሌዎች ተቃውመው ነበር። ይህ ብቻውን ሌላ ክር ይገባዋል።

26ኛው እንደገና የመርካቶው ሰው ነው። ለመሳደብ የመጣ መስሎኝ ነበር። ወንድሙን ነው የነገረን። ኢንሱሊኑን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሽ ግማሽ እየተወጋ፣ አንዱን ብልቃጥ ሁለት ወር ያደርሰው ነበር። ለማንም አልተናገረም። በስተመጨረሻ እግሩ ላይ የማይድን ቁስል ወጣ፤ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ። ሲጨምሩለት ዝም ብሎ እሺ ይል ነበር። በሐሳቡ አሁንም ጸንቷል፦ ወረቀቱን የሚከታተል ሰው በየክሊኒኩ ካልተመደበ ጥያቄው አይጀመር ይላል። እኔ ደግሞ ጥያቄው ካልተጀመረ ማንም ሰው አይመደብም እላለሁ። አልተስማማንም። ግን 9ኛው ባለሙያ በ27ኛው ላይ ይቅርታ ጠይቆ፣ ለወንድሙ ጉዳይ በግል መልእክት እንዲጻጻፉ ጋበዘው። 28ኛው ልብ ብቻ ነው።

በ29ኛው የሆነውን ነገርኳችሁ፤ ላልደረሰው ልድገመው። ማክሰኞ እናቴን ይዤ ሄድኩ። ግማሽ ገጽ ጽፌ ከካርዱ ጋር በስቴፕለር አያያዝኩት። በየትኞቹ ቀናት እንደማትወጋ፣ ለምን እንደማትወጋ፣ መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። አነበበችው። ተነስታ በሩን ገፋ አደረገችው። ከዚያ እናቴን ቀና ብላ አይታ ትናንት ማታ ምን እንደበላች ጠየቀቻት። እናቴ እኔን አየችኝ። ነጠላዋን አስተካከለች። ቆሎ፣ አለች። ቆሎና ሻይ።

ሐኪሟ ወዲያው አልጻፈችም። ትንሽ ቆየች። ከዚያ የማታውን መጠን ቀነሰች። ባልበላችበት ቀን ጨርሳ ከመዝለል ይልቅ ምን ያህል መውጋት እንዳለባት ለይታ በትልልቅ ፊደል ጻፈችላት። ለወረዳው የሚሆን ደብዳቤም ሰጠችን። ደብዳቤው ገና መልስ አላገኘም።

30ኛው አምላክን አመሰገነ። 31ኛዋ የሸክላውን ስፋት ጠየቀችኝ፤ የእሷም እናት ፍሪጅ የላቸውም። እኔ ከቀጨኔ ነው የገዛሁት። ትልቁ ድስት አፉ ሁለት ስንዝር ይሆናል። ትንሹ ሲገባበት ዙሪያውን አራት ጣት ያህል ክፍተት ይተርፋል። አሸዋውን ሕንፃ የሚሠሩ ልጆች በነጻ ሰጡን። አሁን አልጋው ሥር ነው ያለው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ውሃ የምታጠጣው ትንሿ ልጅ ናት።